አንድ ጋሪ ጎደለ

ከሜልበርን በስተ ምዕራብ፣ ባቡሩ ደክሞት ከቆመበት፣
አምና በግ ግጦ፣ ዘንድሮ ጣራ ከበቀለበት፣
ሰፈራችን ስም አለው፣ ሰሌዳ ሞልቶ፦ «የአኻያ ኮረብታ»፤
አኻያ አላየንም። መሬቱም ጠፍጣፋ ነው እንደ ገበታ።
የዱሮ ባላባት ነፋሱ ብቻ ነው፣
አጥር የማይገታው፣ ግብር የማያውቀው።

ለሌላው «በቅርቡ» ይላል፦
በቅርቡ ክሊኒክ፣ በቅርቡ ትምህርት ቤት።
የአውቶቡሱ ምሰሶ ብቻውን ቆሟል ሦስት ክረምት፣
እንግዳ እንደቀረበት ደጋሽ፣ መንገድ መንገዱን እያየ በትዕግሥት።
የደረሰልን ገበያው ነው።

እኔ ሴሚሲ ነኝ፣ የቶንጋ ሰው ልጅ፣ ጋሪ ለቃሚ፤
ከገበያው ወጥቶ መንደር የቀረውን በገመድ ጎታች፣ ለጓሚ።
ሰማንያ ናቸው። ማታ ማታ ክሬግ፣ አለቃችን፣ ይቆጥራል፤
የጎደለ እንደሆን ጠዋት የኔ ፒካፕ ይነሳል።
ሌላ ሰው ጋሪ ተጥሎ ሲያይ ይሳደባል፤ እኔ አነብበዋለሁ፤
ከቆመበት ቦታ የቤቱን ጓዳ አውቃለሁ።

ከቦዩ የተዘፈቀው የልጆች ነው፤ ቅዳሜ መርከብ ነበር።
ከጅምሩ ቤት ሥር ያለው፣ ሲሚንቶ ጭነውበት ወገቡ ሊሰበር።
ከጉርሊን ደጅ ያለው ግን ታጥቦ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ፣
ሃያ ኪሎ ሩዝ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አድርሶ፣ በክብር አድሮ።
ያላቸው መኪና አንድ ነው፤ ባሏ ሌሊት ይሠራበታል፤
እሷ ጋሪ ስትገፋ ትልቁ ልጅ ትንሹን ያዝላል።

ቱየት ከዳቦ ቤቷ የትናንቱን ታቀብለኛለች።
«ደግሞ ጨመረ?» ስላት፣
«እኔን ሳይሆን ዱቄቱን ጠይቀው» ትለኛለች።

ሠላሳ አንድ ቁጥር ግን አመል አወጣ፤
ዛሬ ብመልሰው ነገ እዚያው ደጅ ወጣ፦
ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከአሮጌው የእርሻ ቤት፣
ዙሪያው ሁሉ ሲሸጥ እሱ ብቻ ከቀረበት።
አንኳኳሁ። ኖሊን ወጣች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ።
አንድ ወተት፣ ሁለት ሙዝ፣ የድመት ምግብ፤
ለዚህ ነው ጋሪ መግፋቷ?

ሳልጠይቃት ገባት። እጀታውን በሁለት እጇ ጨበጠች፤
«ምርኩዝ ብይዝ ‹ምስኪን አሮጊት› ይሉኛል» አለች፤
«ጋሪ ስገፋ ግን ገበያተኛ ነኝ፤ መንገድ ይለቁልኛል።
ደግሞ ያ ብስኩት የተደረደረበት፣ በግ እንሸልትበት ነበር፤
ሰው አስቤዛ ሲመርጥ፣ እኔን የጠጉሩ ሽታ ይመጣብኛል።»

ምን እላለሁ? ፒካፔን አስነሳሁ፣ ባዶውን።
ማታ ክሬግ «ስንት?» ሲል፣
«ሰባ ዘጠኝ። ነፋስ ወሰደው አንዱን።»

በመጋቢት አውቶቡሱ መጣ። እውነት መጣ!
ጉርሊን ልጆቿን ይዛ ሁለት ፌርማታ ሄደች፣ እንዲያው ለጨዋታ።
ኖሊንም ከገበያው ደጅ ወረደች፣ ሹፌሩ ደረጃውን ዝቅ አድርጎላት፤
ሌላ ጋሪ ብሰጣት፣
«ይሄ ወደ ግራ ይጎትታል» ብላ ተቆጣች፤ አልጣማት።

ሠላሳ አንድን ግን አልመለሰችም። አሁን በሯ ላይ ቆሟል፤
ከጓሮዋ ዛፍ የወረደ ሎሚ ሞልቶታል፤
በካርቶን ተጽፎ፦ «ውሰዱ። ዋጋ የለውም።»
ጉርሊን በጨው ነክራ በጠርሙስ አስቀመጠች፤
ቱየት ኬክ ሞከረች፤ አልተነሳም።

ትናንት ክሬግ ሲያልፍ መኪናውን አቆመ።
ሁለት ሎሚ አነሳ። የእጀታውን ቁጥር አነበበ፤ ትንሽ ቆመ።
እኔን አየኝ። እኔ ነፋሱን አየሁ።
ማታ፣ «ስንት?» አለኝ።
«ሰባ ዘጠኝ» አልኩ።
እጁ ሎሚ ሎሚ እየሸተተ፣ ሰባ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ።