ጥበቃው ጠበቃ ሲፈልግ

ሌሊት ሌሊት የሰው ፎቅ እጠብቃለሁ፣
ገቢ ወጪውን በባትሪ አያለሁ፤
የኔን ቤት ግን፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
በጠራራ ፀሐይ ምልክት አደረጉባት፣ ቀዩ ቀለም በቆርቆሮው ወርዶ፣
ውስጧ ተኝቼ ሳለሁ።

"ሰባት ቀን" ይላል ደብዳቤው፤
ማኅተሙ ክብ ነው፣ ጥግ የለው ለሚይዘው።

ደንሳሞ "ጠበቃ እንያዝ" አለ።
በእድሩ መዝገብ ጀርባ ስም ተጻፈ፣ ብር ተቆጠረ፤
ዘርፌ የእንቁላሏን ሰጠች፤ ተካ "ዓርብ" ብሎ ቀረ።

የመጀመሪያው ጠበቃ እኔን ትቶ ሰዓቱን አየ፣
ሁለተኛው "ከወረዳ ጋር?" ብሎ ሣቀ፣ በሩን እያሳየ፤
ሦስተኛው የጠራው ዋጋ
ቤቴን ይገዛል፣ ከነአልጋ።

አራተኛዋ ኅሪት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ፣
አንድ ወንበር ነው ያላት፤ ለኔ ለቀቀችና ተቀመጠች ጠረጴዛው ላይ።
"መብራት የከፈልክበት አለህ? የግብር ደረሰኝ?"
ከፌስታል ዘረገፍኩት፤ የአሥራ አንድ ዓመት ወረቀት፣ እጄን እያላበኝ።
ጣቷን እያረጠበች ቆጠረች፣ አንድም አልዘለለች፤
"እናሸንፋለን አልልህም" አለች፤
"ቃልህ ሳይሰማ ቤትህ እንዳይፈርስ ግን እግድ እጠይቃለሁ፤
ክፍያውንም ከሦስት ክፈለው።"

ውክልናው "ሥራ" ሲል "ጥበቃ" አስጻፍኩ፣
ከሥር የሷን፣ "ጠበቃ"፣ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ።
ጥ ሳድስ፣ ጠ ግዕዝ፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣
አንዱን ሌሊት፣ አንዷን ቀን፣ ሰው በር ላይ ያቆማቸው።

ቀጠሮው ዓርብ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።
ተካም ዓርብ ብሎ አልነበር? በብሩ ፈንታ ይተካኝ፣ ፎቁ ጋ፣ አንድ ሌሊት።