ሁለት ጠብታ

አቭሻሎም ሁለት ጠርሙስ ደረደረልኝና
«እስከ ነገ ማታ ምረጪ» አለኝ፣ ገና
መብራቱ ሳይበራ፣ ወንበሩ ሳይወርድ፤
«ለኦልድ ፋሽንዱ ምሬቱ ይሁን አንድ።
ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው፣ ደንበኛ ግራ ገባው፤
ባለፈው የጠጣው ጠፍቶበት ነው የከፋው።»

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፦
ውስኪ፣ አንድ እንክብል ስኳር፣
እንደ ጡብ የተጠረበ በረዶ፣
ከዚያ ከጨለማ ጠርሙስ ሁለት ጠብታ፤
ሲኖር የማያዩት፣ ሲጎድል የሚያውቁት ነገር።

የመጀመሪያው ቀይ ነው፣ የዛገ ውኃ ይመስላል።
ወረቀቱ ከትከሻው አልፎ አንገቱን ውጦታል፤
የታላቅ ወንድሙን ሸሚዝ የለበሰ ልጅ።
እጄ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጌ ላስሁት፦
ቅርንፉድ፣ የእንጨት ሥር፣ የቆየ ቁም ሣጥን።
ማንም አይጠላውም።
ማንም ስሙን ጠርቶ አያመሰግነውም።

ሁለተኛው ቸኮሌት ነው።
ሲመርር እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል።
አስቀመጥኩት።

ሦስተኛውን አቭሻሎም አያውቀውም፤ ከቦርሳዬ አወጣሁት።
ጌሾ ነው፤ ቅርያት ሞሼ ካለው ሱቅ በግራም ገዝቼ፣
በንጹሕ አልኮል አርባ ቀን ዘፍዝፌ፣
በጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልዬ አጥርቼ፣
ስም እንኳ አውጥቼለት ነበር።
«ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው
እየጠበቅሁ መልሱን በሁለት ቋንቋ አጥንቼ።

ብርጭቆው ውስጥ ጠብ ሲል ውስኪው ደፈረሰ።
ቀመስኩት።
እውነቱን ልናገር? ክፉ ነበር።
ጠላ ሊሆን ቃጥቶት መንገድ ላይ የቀረ።

ያን ጊዜ ጋሼ አለልኝ በጓሮ በር ገባ፣
ሐሙስ ሐሙስ ባዶ ጠርሙስ ይሰበስባል፤
ከረጢቱ ካፊያ ጠጥቶ፣ ጫማው ጭቃ አዝሎ።
መጠጥ አይወድም። ጣቱን ግን ነክሮ ቀመሰልኝ፤
በልጅነቱ ኮሶ የጠጣ ምላስ አይዋሽም ብዬ።

«ጌሾ ማር ካላገኘ ይቆጣል፤ ስኳር አይመክተውም።
ደግሞ ማን አስቸኮለሽ?»
ሳቀብኝ፤ በጥርሱ ሳይሆን በትከሻው።
ከዚያ ምንም ሳይል ወጣ።

ሲመለስ እጁ ላይ ብርቱካን ነበር፣
ቆዳው ጎርበጥባጣ፣ ጎኑ ላይ የአውቶቡስ ጥላሸት።
«ኹሽኻሽ ነው፤ ፌርማታው አጠገብ ካለው ዛፍ።
የማንም አይደለም። ሕፃን እንኳ አይሰርቀውም።»

በጣም መራራ ነው፣ አውቀዋለሁ፤
አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ስሄድ ነክሼ
እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ምላሴን ስጠርግ ውያለሁ።

«አትክልቱ ቦታ እያለሁ» አለ፣ ከረጢቱን አስቀምጦ፣
«መጀመሪያ የሚተከለው ይህ ነው፤
ጣፋጩን ከላይ እንቀጥልበታለን።
ሰው የሚበላው ላይኛውን፤
ውኃ የሚስበው፣ በሽታ የሚችለው ታችኛው።
አንዳንዴ ታዲያ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ እኔስ አለሁ ይላል።
እሱን መቁረጥ ነበር የኔ ሥራ።
አሥራ አንድ ዓመት።»

ቢላዋውን አነሳሁ። ልጣጩን በቀጭኑ ገፈፍኩ፣
ነጩን ሳልነካ፤ ብርጭቆው ላይ ጠመዘዝኩት፤
ዘይቱ መብራቱን አቋርጦ በነነ።
ከሥር ያ ማንም የማያመሰግነው ቀዩ፣ ሁለት ጠብታ።
ጋሼ አለልኝ አሸተተው፣ አልጠጣውም።
«አሁን ዝም አለ» አለ። ውስኪውን ማለቱ ነው።
ጠርሙሶቹን እያንኳኳ ወደ ካፊያው ሄደ።

ጌሾዬን አልደፋሁትም።
ከማጠቢያው ሥር፣ ከሳሙናው ጀርባ ተቀምጧል፤
ማር እስካገኝለት፣ ወይም ትዕግሥት።

በማግስቱ አቭሻሎም ገና ኮቱን ሳያወልቅ
«እሺ፣ የትኛው?» አለኝ።

«ቀዩ» አልኩት። «እና መሰላል ግዛልን።»