ምን ብዬ ልቁጠር?

ኦውሉ ላይ የካቲት፣ ወንዙ በረዶ ሆኖ፣
ከመንገድ መብራት ሥር አመዳይ ተበትኖ፣
አውሊኪ ራንታላ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ሰነድ ትገልጣለች፣ ማለቂያው ሳይታይ።

አዲስ ፕሮሰሰር ነው፤ ገና ከፋብሪካ፣
ከርነሉ አያውቀውም፤ አልተዋወቁም እንኳ።
ሆዱ ውስጥ ስድስት ቆጣሪ ተቀምጦ
"ቁጠር" ያሉትን ይቆጥራል፣ አቀርቅሮ፣ አድምጦ፤
ለምን ብሎ አይጠይቅ፣ ማን ላካችሁ አይልም፣
የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ራሱ አያውቅም።

ስድስት ናቸው እነሱ፤ ክስተቱ ግን ስንቱ!
የተፈጸመ ትእዛዝ፣ ያለፈ ምት በከንቱ፣
መንታ መንገድ ደርሶ ግራ ሲጠብቁት ቀኝ የሄደ፣
ከቅርቡ ጓዳ አጥቶ ሩቅ ጎተራ የወረደ፣
በር ላይ ተራ ይዞ ዘጠና ምት የቆመ፤
ሁሉም ቁጥር እንጂ አንዱም አልተሰየመ።

ስም ማውጣት የሷ ነው፣
እንደ ክርስትና እናት፣ ግን ልጁን ሳታይ፤
አንድ መስመር፣ አንድ ኮድ፣ አንድ ጭምብል ከላይ፣
ቀጥሎ ስሙ። እንደገና ኮድ፣ ጭምብል፣ ስም።
ቢቷ አንድ ቤት ብትዘል የሚጮህ ሰው የለም።

ስድስቱ ሲያዙ ሰባተኛው ቆሞ ይጠብቃል፤
ከርነሉም ያፈራርቃል፣ የጎደለውን በግምት ይሞላል፣
"ይህን ያህል በሆነ ነበር" ብሎ።
(ለእናቷ በስልክ ስለ ሳምንቷ የምታወራውም እንዲሁ ነው፣
ሁለት ቀን አይታ የሰባቱን።)

ከድሮው ሠንጠረዥ፣ ሄይሞ ቫይኒዮ ከጻፈው፣
መስመር ትገለብጥ ነበር፤ አንዱ ላይ እጇን ያዘው
የሰኞው ደብዳቤ፣ ከወረቀት ፋብሪካው፦
"ማሽናችን ይንፏቀቃል። ቆጣሪያችሁ ግን ደህና ነው ይላል።
ከጓዳ የታጣ፦ ዜሮ። ሌሊቱን ሙሉ፦ ዜሮ።"

ዜሮ።
ቤት ሙሉ እንግዳ ሲስተናገድ አድሮ
ከጓዳ አንድ ማንኪያ አልታጣም? አንድ እፍኝ ጨው?
ከስህተት ሁሉ የሚያስፈራው ስህተት የሌለው ነው።

ሲነጋጋ ለሄይሞ ደወለች። እሱ ባሕሩ ላይ፣ በረዶ በስቶ፣
ከቀዳዳው አፍ ተቀምጧል፣ መንጠቆውን አግብቶ።
"ሰባተኛው ቢት" አለችው፤ "ስድስተኛው መሆን ነበረበት።"
ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ ነፋስ ብቻ ተሰማ።
"ያኔ ሰነዱ እንዲያ ነበር የሚለው" አለ።
"ኋላ አርመውታል፤ በግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል።"
"አሥራ አንድ ዓመት! ታዲያ ምን ሲቆጥር ኖረ?"
"ምንም። ያ ኮድ የማንም አይደለም፤ ባዶ ክፍል ነው።
ባዶ ክፍል ደጃፍ አቁመነው
ገቢ ወጪውን ቁጠር አልነው።"
ሳቅ ይሁን ሳል አልለየችውም።
"ታማኝ ነበር" አለ ሄይሞ።
"ዓሣስ?"
"አልቆጠርኩም።"

አንድ ቁጥር ቀየረች። ከርነሉን አስነሳች እንደገና።
ዜሮው ተነቃነቀ፤ ሺህ አለ፣ መቶ ሺህ፣ ሚሊዮን ሆነና
ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቆጣሪው ራሱ "ሞላሁ" ብሎ ተጣራ።
እንዲህ ያለ አስቀያሚ ቁጥር አይታ አታውቅም።
ደስ አላት።
ማብራሪያው ላይ የሄይሞን ስም አላነሳችም፤
ሰነዱን ብቻ፣ ገጹን፣ ግርጌውን።

ማታ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ፣ የብስክሌቷን ሰንሰለት ውርጭ ያዘው።
ወረደች፤ እየገፋች ቀጠለች፣ በእግሯ።
መንገዱ ዳር ከተማው የተከለው ቆጣሪ አለ፣
"የዛሬ ብስክሌተኞች" ይላል፣ ሁለት ሺህ አርባ ስድስት።
ጎማዋ አለፈ።
አርባ ሰባት።
ቆም አለች። "እኔ እኮ እግረኛ ነኝ" ልትለው ቃጣት፤
ለማን ትንገር?
ከቁጥር ገብታለች።