ካረረ ሽንኩርት ጋር

ሐሙስ አመሻሹን ግድግዳው ሲመታ፣
ሁለት ጊዜ በማንኪያ፣ አንዴ በጭልፋ እጀታ፣
ነጠላ ጫማዬን ስፈልግ ሳላገኝ፣
«ምላስሽን ይዘሽ ነይ!» ይላል ሲያጣድፈኝ።

ኦዶን ነው ጎረቤቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ትራም ሲነዳ ኖሮ፣ ሴጌድን በሙሉ
በደወል ሲቀሰቅስ፤ በጡረታው ማታ
ይዞ የገባው ቅርስ
ያች ደወሉ ናት፣ ከብረት ድስት ጋራ።

ባለፈው ክረምት ግን አንድ ጉንፋን መጣ፤
አፍንጫውን ዘግቶ ቁልፉን ይዞት ወጣ።
በርበሬው አቧራ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ጠጠር፣
ወይኑ እርጥብ ነገር፣ ቀይ ከመሆን በቀር
ምንም የማይናገር።

ሌላ ሰው ቢሆን ድስቱን ሰቅሎ ዳቦ ይገምጥ ነበር።
እሱ ግን ዘይቱን በጆሮው ያደምጣል፣
ሲያጉረመርም ያውቃል፣ ሲያሾካሹክ ያውቃል፤
የቀረውን ደግሞ ፊቴ ላይ ያነባል።
«ቅመሺ» ይለኛል፣ «ግን እንዳትነግሪኝ፤
አፍሽን ለራስሽ፣ ፊትሽን ስጪኝ።»

እኔ ኤቴልካ ነኝ፣ የሳላሚ ፋብሪካ ጨው መዛኝ የነበርሁ፤
ስለ ወይን ከሆነ፣ ራስ እንደሚያዞር ብቻ ነው የማውቀው ስል የኖርሁ።
ዛሬ ግን ጠይቁኝ።
የቲሳ አሳ ሾርባ፣ በርበሬው ሲቆጣ፣
ካዳርካ ነው የሚያበርደው፣ ከማዕዘኑ ሱቅ የመጣ፣
ከበርሜል በጎማ፣ በፕላስቲክ ኮዳ፤
ሊትሩ ከዳቦ እምብዛም የማይጎዳ።
ለሙግት አይቆምም፣ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።
ድንች ወጥ ከሆነ ነጩ ወይን ይሻላል፣
ሶዳ ተረጭቶበት፣ አፍንጫ እስኪነካ፤
ለተጠበሰ ጉበት የፕለም አረቄ፣ በጣት የተለካ፣
ያውም ከምግብ በፊት።
በአይብ ለተለወሰ ፓስታ
ራሱ የፈጠራት ኮክቴል አለች፤ ሶዳ፣ የጎምዛዛ ቼሪ ጭማቂ፣
ከአረቄው ሁለት ጠብታ፣
ስሟንም ብሏታል «የመጨረሻው ፌርማታ»።

ልጁ ከቪየና የላከው ጠርሙስ ደግሞ አለ፣
ሜዳሊያ የታተመበት፣
ኮቱን እንዳላወለቀ እንግዳ ቁም ሳጥኑ ላይ የቆመ።
«ለምን አንከፍተውም?» ስለው፣
«ለየትኛው ድስት?» ይለኛል።

አንድ ሐሙስ ካዳርካው ኮምጥጦ ሆምጣጤ ሲሆን
እንዳይከፋው ብዬ «ግሩም ነው» ብዬ ዋጥሁት።
ዝም ብሎ አየኝና ብርጭቆዬን ነጥቆ ማጠቢያው ላይ ደፋው፤
«ቅንድብሽ አይዋሽም፣ አፍሽ ከየት አመጣው?»
ያን ቀን አፍሬ
ሾርባዬን አጎንብሼ ጨረስሁ።

ትናንትና ነው። ስለ ድሮው ጎርፍ ወሬ ይዘን፣
ውሃው የማንን ጓሮ፣ የማንን ዶሮ እንደወሰደ ስንከራከር፣
ኦዶን ድንገት ቆመ። ጭልፋው ወለል ላይ ጮኸ።
«አረረ!»
«ምኑ?»
«ሽንኩርቱ! ሽንኩርቱ አረረ፣ ኤቴልካ! ሸተተኝ!»

ከእኔ ቀድሞ ሸተተው።
ድስቱ ላይ ተደፍቶ እንደ አራስ አቀፈው፣
ጥቁሩን ጭስ ምጎ ይስላል፣ ይስቃል፤
እንባው ከጭሱ ይሁን ከሌላ፣ ማን ይጠይቃል?

ኋላ ቀና አለና፣ እንደ ዳኛ ኮስተር፣
«በይ እንግዲህ» አለኝ፣ «ካረረ ሽንኩርት ጋር
ምን ይሄዳል?»
ካዳርካው ያፍራል። አረቄው እሳት ላይ እሳት ነው።
ቁም ሳጥኑን አየሁ፤ ያ እንግዳ አሁንም ኮቱን አላወለቀ።

ተነሥቼ ቧንቧውን ከፈትሁ፣
ሁለት ብርጭቆ ሞላሁ።
ጠጣ፤ አፉ ውስጥ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤
የእኔን ፊት አላየም፣
ከዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው ሳያየኝ።
«ዝገት» አለ። «ውሃው ዝገት ዝገት ይላል!»
ብርጭቆውን ዘረጋ፦
«እስኪ ድገሚኝ።»