ከጆሮ ጀርባ

ዛፍ የማይበቅልባት ደሴት፣ ነፋስ የማይተኛባት፣
ቫርዶ ናት የራግንሂል ቀዬ፤ ሰባ ስምንት ክረምት ያየችባት።
ሠላሳ አራቱን ዓመት፣ ዓሣ ስትበልት ውላ፣
በማሽኑ ጩኸት መሀል፣ ጆሮዋን በጥቂት በጥቂቱ ጥላ፣
ዛሬ ከባሕር ሆድ ሥር፣ በዋሻው መንገድ ተሻግራ፣
ቂርከነስ ሆስፒታል ገባች፣ ቁጥር ይዛ፣ ጠብቃ ተራ።

ማይብሪት፣ የጆሮ ባለሙያ፣ የልጅ ልጇን የምታህል፣
ትሪ አስቀመጠች ፊቷ፣ የወርቅ ቤት መስኮት የሚመስል።
"ይቺ ባቄላ ታህላለች፤ ከቦዩ ጠልቃ ትገባለች፤
ከውጭ የሚያያት የለም፤ ኩክ ሲይዛት ግን ትዘጋለች።
ይቺ በጆሮሽ ልክ ተቀርጻ፣ ጎድጓዱን ሞልታ ትቀመጣለች፤
የገዛ ድምፅሽን ግን፣ ከበርሜል ውስጥ ታመጣለች።
ይቺ ከጆሮ ጀርባ ውላ፣ በቀጭን ቱቦ ትናገራለች፤
ጉልበት አላት፤
ብቻ ትታያለች።"

ራግንሂል ግማሹን አልሰማች። (ብትሰማማ ለምን መጣች?)
ባቄላዋን፣ የማትታየውን፣ በጣት ጠቁማ መረጠች።
"ባትሪዋን አውጪና መልሺ።" ባትሪዋ የምስር ፍሬ፤
የራግንሂል ጣት ግን፣ በረዶ ያደነደነው፣ ለቢላ የተጠመደ በሬ።
አንዴ አመለጠቻት፤ ሁለቴ፤ በሦስተኛው ተንከባላ
ገባች ከመደርደሪያው ሥር። ማይብሪት በጉልበቷ ተስባ፣ ስትፈልግ ጎንበስ ብላ፣
አሮጊቷ ከላይ ሣቀች፦
"ምስር ልለቅም ነው እንዴ፣ ጧት ጧት በዚህ እርጅና?
ደግሞስ ከማን ልሸሸግ? መደበቁ መቼ በጀኝና?
ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲያወራ፣ 'እሺ' ስል፣ 'እሺ' ስል ባጀሁ፤
በአንዱ እሺታዬ፣ ልጄ፣ የመዘምራኑ ገንዘብ ያዥ ሆንሁ!
አምጪ ያቺን ትልቋን። የቆዳ መልኳን አይደለም፤ ቀይዋን፣
የጀልባ መንሳፈፊያ ጎማ መሳይዋን።
ይያት ሰው፤ አይቶም፣ ዞሮ፣
ፊቱን ይስጠኝ ከነከንፈሩ፤ እኔም ልስጠው ጆሮ።"

ማታ፣ ቤቷ፣
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ይህን ሁሉ ዘመን ያጉረመርም ኖሯል?
እጅጌዋ ከጎኗ ሲታከክ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል።
ቧንቧው ያንጠባጥባል፤
(ቆጣሪው ያውቅ ነበር፤ እሷ ናት ያልሰማችው።)
በር ስትከፍት ነፋሱ፣ ጆሮዋ ላይ ፈረስ ይጋልባል፤
ማይብሪት ነግራታለች፦ ለዚህስ መድኃኒቱ ኮፍያ ነው።

በረዶ ስትዝቅ በአካፋ፣ ቶርላይፍ አጥሩን ታክኮ መጣ፣
አገጩን ከሻርፑ ቀብሮ፣ ከእንጨት መጋዘኑ ሲወጣ።
ዐሥራ አንድ ክረምት ነው፣ ሰላምታ የነሣት ጎረቤት፤
እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ፣ ብላ የኖረች በትዕቢት።
"ደህና አመሸሽ፣ ራግንሂል" አለ፤
ከሻርፑ ክር መሀል፣ እንደ ዱቄት የተነፋ ድምፅ ዘለለ።
አካፋው ቆመ።
"ሁልጊዜ እንዲህ ትለኝ ነበር?"
"ሁልጊዜ" አለ ቶርላይፍ፣ "እዚሁ፣ ከዚሁ አጥር።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።
የሷ ጆሮ ግን ለጎረቤትም ተርፏል።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ፣ ቀይዋን ከጀርባ ሰክታ፣
አጥሩ ሥር ጠበቀችው፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ።
"ደህና አደርህ!" ስትል ጊዜ፣ ከጣሪያው የባሕር ወፍ ተነሣ፤
የድምፅዋን ልክ ገና አልለመደች።
ቶርላይፍ ደነገጠ፤ ሣቀም፤ ሻርፑን ከአፉ ላይ አነሣ።