አልጋ ሰባት

የጣና ነፋስ ከዘንባባው አልፎ መጋረጃው ሲያብጥ፣
ለጠዋቱ ዙር ወጥቼ ካርድ ሳገላብጥ፣
አልጋ ሰባት ነበር፤ ስሙን አልጠራንም።
«የት ነው የሚያምህ?» ስል
አፍ አፌን ያየኛል፤ አንድ አይመልስም።
«አባባ! አባባ!» እንደ ሕፃን ጮኽሁበት፤
ሐኪሙ ሲያልፍ፣ «ዕድሜ ነዋ» አለኝ፣
በሰማያዊ ቀለም «እርጅና» ብዬ ጻፍሁት።

ያን ቀን ከበሩ ጋ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
ትሁኔን እንዲህ አልኋት፦
«ይኼስ ያለቀ ነው፤ ቤቱ ቢሞት ምናል?
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ኮሪደር ተኝቷል።»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
እሱ ከትራሱ ላይ አፍ አፌን ያየኛል።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ግሉኮስ ስቀይር፣
እጄን ያዝ አደረጉ።
«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ
ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ
ሠላሳ አንድ ዓመት ከማሽን ጋር ውዬ፣
ጩኸቱ በላና ነጠፈ ጆሮዬ።
እዚያ ወግ በከንፈር ነው፤
ከአዳራሹ ማዶ አለቃ ሲታማ፣ በዓይኔ ነው የምለቅም።
በሩ ጋ ያልሽውም፣ ልጄ፣ አላመለጠኝም።
ለልጁ አልጋ ስጡት። ልክ ነሽ። እኔ ግን
ገና ነኝ፣ አላለቅሁም።»

ካርዱን አነሣሁት።
«እርጅና» የሚለውን ደጋግሜ ብሰርዝ
ወረቀቱ ተበሳ።
መብራቱን አብርቼ፣ ፊቴን ወደ ብርሃን መልሼ፣
ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እንዲያዩት፣
«አቶ አንለይ ሙጬ፣
የት ነው የሚያምዎት?»

ትንሽ ቆዩ።
«ወገቤን» አሉኝ። «ሦስት ቀኑ።»