የኅዳግ ጽሕፈት

አባቴ ደጓሽ ነበር፤ ቤታችን ከቁስቋም በታች፤
እኔ ክር አቀባይ ነበርሁ፤ ጣቴ በሰም የደረቀች።
ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ክረምት አንድ እንግዳ መጣ፣
የጃንጥላው ዘንግ ተሰብሮ ግማሽ ዝናብ የጠጣ።
በግእዝ ነበር ሰላምታው። አባቴ ሳቁን ዋጠ፤
በዳዊት ቋንቋ "እንዴት አደርህ" የሚል ሰው ከየት አመለጠ?
"አርሻቪር ዛካሪያን፤ አርመን ነኝ፤ የመጻሕፍት መርማሪ፤
በደሴት ገዳም ያደግሁ፣ የሁለት ፊደል ተማሪ።"

ሻንጣው ውስጥ ልብስ አልነበረም። የሲጋራ ሣጥን ብቻ፤
በየሣጥኑ ቁራጭ ወረቀት፣ ፊደል ለፊደል ተጣምሮ እንደ ጋብቻ።
ይህን ሊያስረዳ ነው የመጣው፦ የአርመን ፊደልና የእኛ
ከአንድ ማሕፀን የወጡ፣ በረሃ ላይ የተለያዩ መንገደኛ።

መሪጌታ ሐዋዝ ሰሙት፤ ዝንብ እያባረሩ ቆዩና፣
"ጨረቃም ክብ ናት፣ ከበሮም ክብ ነው፤
ታዲያ ማን ማንን ወለደ?"
አርሻቪር ይህንንም ጻፈ፤ ካንዱ ሣጥን ውስጥ ሰደደ።

ከዚያ ዓመታት። ከአዘዞ ወዲህ፣ ከአንገረብ ወዲያ፣ ደብር ለደብር ዞረ፤
ብራናውን በእጁ ሳይሆን በትንፋሹ ይገልጥ ነበረ።
በቅሎ አልገዛም። ጎጆ አልቀለሰም። ፒያሳ ያለው ጫማ ሰፊ፣
ወገኑ ጋራቤድ፣ "ና፣ ሱቄን እንጋራ" ቢለው፣
"ቆዳስ እኔም አለኝ" አለው፣ "የኔው ግን የተጻፈበት ነው።"

እኔ አደግሁ፤ ምላጭ ያዝሁ። ማታ ማታ በፋኖስ ሥር
ሣጥኖቹን ስናስተካክል አየሁ፦
ከመቶው ቃል ሰማንያውን በቀይ ቀለም ሰርዟል።
በሌላ ማታ አሥራ አንድ። በሌላ ማታ ዝም ብሏል።
"መምሰል ዝምድና አይደለም" አለኝ፤ "ሐዋዝ ገና ድሮ ነግሮኛል፤
ያን ከበሮ ለመስማት ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።"

በዚያው ክረምት አንድ ዳዊት አመጡልን፤ ስፌቱ ላልቶ የሳሳ፣
ገበታው ዋንዛ፤ ጠርዙን አይጥ የቀረጠፈው፤ አቧራው የሚያስለቅስ አበሳ።
የድሮውን ክር ስቆርጥ፣ ቆዳው ከሸፈነው ኅዳግ፣
ትንሽ የእጅ ጽሕፈት፤ ግእዝ ያልሆነ፤ የጉንዳን ሰልፍ፣ የራሱ ወግ።
ጠራሁት። መነጽሩን ሁለቴ ጠረገ። አነበበ።
ተቀመጠ። ደግሞ አነበበ። ከንፈሩን እንደ ሕፃን ሰበሰበ።
"ምን ይላል?" አልሁት፤ የጠፋ ዜና፣ የነገሥታት ዘመን ጠብቄ፣
የሚያስከብረው አንድ ታላቅ ነገር ከእሱ ይልቅ እኔ ናፍቄ።

"'ዝናብ ነው። ቀለሙ አልደርቅ አለ' ይላል" አለ።
"ይኸው ነው።"

ማን ጻፈው? ነጋዴ ይሁን መነኵሴ፣ ስሙን አልተወም።
ግን "ዝናብ" ያለበት ቃል የመጽሐፍ ቃል አልነበረም፤
ከአንድ ሸለቆ በቀር የትም አገር አይነገርም፤
እናቱ ከገመድ ላይ ልብስ ስትለቅም የምትጮኸው፣
ሸለቆው ኦና ከሆነ ወዲህ፣ ከሰባት ዓመቱ ወዲህ፣
ከሰው አፍ ያልሰማው።
በእነዚያ ሁሉ ሣጥኖች ለዚህ ቃል ቦታ አልነበረውም።

ታላቁን መጽሐፍ አልጻፈም። የዕድሜው ሥራ ቢመዘን
አንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ገጽ እንኳ የማይሆን፤
ሩቅ አገር የታተመ፤ "ፊደላቱ አይዛመዱም፤
ተሳስቼ ነበር" የሚል። ስለ ዝናቡ ምንም የለም።
"እንደነበረ ሸፍነው" አለኝ። ቆዳውን መልሼ ለጠፍሁ፣
ዳዊቱም ወደ ደብሩ ሄደ፤ የት ደብር እንደሆነ አልናገርም፣ ምያለሁ።

ሣጥኖቹ ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ሙሉ፤
ባዶው ክዳኑ ላይ በእጁ የጻፈው አንድ ቃል አለ፤
ማንበብ አልችልም፤ ግን አውቀዋለሁ።
ቁስቋም ላይ ዳመናው ሲወርድ አውጥቼ መስኮቱ ዳር አኖረዋለሁ።